የመነጽሩ ዋጋ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በደረሰኝና በቁጠባ ደብተር ነው። ዛሬ ስለ ግራይንደርና ስለ ድሪል ልናገር ስነሣ «ሂሳብ ሠራተኛዋን ከብረት ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘኝ አንድ ያልፈረምኩት ወረቀት ነው።

አምና የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ክፍል እህቶቻችን ሁለት የዓይን መከላከያ መነጽር እንዲገዛላቸው ጠይቀው ነበር። እኔ ግን «በዚህ ሩብ ዓመት በጀት አልተያዘለትም» ብዬ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረግኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የግራይንደሩ መቁረጫ ድንጋይ እየዞረ ሳለ ተሰበረና ስባሪው የአንዲት እህታችንን ቅንድብ ሰነጠቀው። ቁስሏን የሰፋላት ሐኪም «ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ ዓይኗን ነበር» አለን። በማግሥቱ መነጽሩን ገዛሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የሕክምናው ወጪ የመነጽሩን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ በራሴ እጅ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ከዚያ ወዲህ የሚያውቁትን እየጠየቅኩ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ድንጋዩ ለምን ተሰበረ? ቶሎ እንዲቆርጥልን ብለን የትንሹን ግራይንደር መከለያ ፈትተን ትልቅ ድንጋይ አስረንበት ስለነበር ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11000 ጊዜ ያህል ይዞራል። የ115 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ይህን ይችለዋል። በ180 ሚሊ ሜትሩ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው 8500 ነው። ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ ድንጋዩ ልኩ ነው ማለት አይደለም። ከማሰራችሁ በፊት በድንጋዩ ላይ ያለውን ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር ጋር አስተያዩ። መሀሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው ተመትቶበታል፤ እሱንም ተመልከቱ። የወደቀ፣ የረጠበ ወይም የተሰነጠቀ ድንጋይ ይጣል። አዲስ ስታስሩ ደግሞ ሰው ከፊቱ ሳይቆም ለአንድ ደቂቃ በባዶ አዙሩት። መከለያው በምንም ምክንያት አይፈታ።

ሁለተኛው የመብራቱ ጉዳይ ነው። በእኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ሁላችንም ማሽኑን አስቀምጠን ወሬ እንጀምራለን። ማብሪያው እንደተጫነ ከቀረ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ሰው ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ ይዘላል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፣ ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀሉ። ድንጋይ ወይም የድሪል ምላስ ስትቀይሩም ሶኬቱ ይነቀል። በክረምት መሬቱ ሲረጥብ፣ እጃችን እርጥብ ሲሆን፣ 220 ቮልት ምሕረት የለውም። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ አይሠራበትም፤ ይቀየር። ኤክስቴንሽኑም እንደተጠቀለለ ከባድ ማሽን አይሰካበት፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑ ይቀልጣልና እስከ መጨረሻው ይዘርጋ።

ሦስተኛው አለባበሳችን ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ማተብ፣ ያልታሰረ ሹሩባ፣ እነዚህ ሁሉ የሚዞር ነገር ይጠመጥማቸዋል። ነጠላችንን ግድግዳ ላይ እንስቀል፤ ማተባችንን ወደ ውስጥ እንክተት። ድሪል ላይ ደግሞ የጨርቅ ጓንት አይደረግም፤ ክሩ ከተያዘ ጣት አብሮ ይሄዳል።

አራተኛው ራሱ ማሽኑ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅማቸው የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። የጠዋቱ ውርጭ አያታልለን። ማሽኑ ሲግል ሥራውን አቁመን ጥቂት በባዶ እናዙረው፣ ከዚያ እናሳርፈው። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በየቀኑ በደረቅ ብሩሽ እንጥረግ። ከውስጥ የሚታየው ብልጭታ ከበዛ ካርቦኑ አልቆ ይሆናልና ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየሩ። የካርቦን ዋጋ ከሞተር ማስጠቅለያ ጋር አይወዳደርም። ይህን የምላችሁ ሁለቱንም ደረሰኝ ይዤ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያዛል። ማኅበራችን ቀጥሮ ለሚያሠራቸው ይህ ግዴታችን ነው። እኛ አባላቱ ደግሞ ራሳችን አሠሪ፣ ራሳችን ሠራተኛ ነንና ማን ያስገድደናል? ዓይን ግን የማንም ቢሆን ያው ዓይን ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ደብተር ይኑር፤ ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ምን ጉድለት አየ የሚለው ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ከመጪው በጀት የመከላከያ ዕቃ የራሱ መደብ ይኑረውና ሂሳብ ሠራተኛዋ «አልተያዘለትም» የምትልበት ምክንያት እንዳታገኝ።

ያቺ እህታችን ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ግን ያን ወረቀት አስታውሳለሁ። በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።