የቤት ቡና፤ አመራረጡና አጠጣጡ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዚህ ንግግር ርእስ ቡና ነው። ለበዓል ቀን ቀላል ርእስ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በባዕድ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ሥራና ትምህርት ለያይቶት ሰንብቶ በአንድነት የሚቀመጠው በአብዛኛው በጀበና ዙሪያ ነው። ስለዚህ ቡናው እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚፈላ፣ ይልቁንም ከማን ጋር እንደሚጠጣ ማሰብ ይገባል።

ቡና በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው የተወደደ አልነበረም። መገኛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ቢሆንም፣ ብዙ ካህናት ለረጅም ዘመን ከጫትና ከትምባሆ ጋር ቆጥረው፣ የሙስሊሞች መጠጥ ነው በማለት ይከለክሉት ነበር። ይህ አስተያየት መለወጥ የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መጣራቸው ለለውጡ ምክንያት እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

ፍሬው ያው ፍሬ ነው፤ የተለወጠው ሰዎች ለእርሱ የነበራቸው አመለካከት ነው። ዛሬም አባቶች የሚነቅፉት ቡናውን ሳይሆን በቡና ስም የሚደረገውን ነው። ለመናፍስት ተብሎ የሚፈላ ቡና፣ ሲኒ ገልብጦ የሰውን ዕጣ ፈንታ ማንበብ፣ በቡና ሰበብ ተሰብስቦ የሌለውን ሰው ማማት ከክርስቲያን ቤት ሊርቁ ይገባል። በአንጻሩ ጸሎት የሚቀድመው፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቡና የተባረከ ማዕድ ነው።

አመራረጡን በተመለከተ፣ የጄኔቭ ነዋሪ የሚኖረው በዓለም የቡና ንግድ ዋና ከተሞች በአንዱ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንድ የቡና ዛፍ የማይበቅልባት አገር ብትሆንም፣ ቆልታና አሽጋ ወደ ውጭ ከምትልከው ቡና የምታገኘው ገቢ ከቸኮሌትና ከአይብ ከምታገኘው በልጦ ቆይቷል። በሚግሮና በኮፕ መደርደሪያ ላይ «ሲዳሞ» ወይም «ይርጋ ጨፌ» የሚል ስም ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም።

እነዚህ ስሞች ያለ ድካም እንዳልተጠበቁ ልጆች ቢያውቁት መልካም ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ዓላማው በስሙ የሚገኘው ጥቅም ለገበሬውም እንዲደርስ ነበር። ከሰርቬት ሰፈር ብዙም በማይርቀው በመንግሥታት አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ይህን የስም ጉዳይ ለሌሎች አገሮች በምሳሌነት ሲያቀርበው ቆይቷል።

የሦስቱ አካባቢዎች ቡና ጠባይ ይለያያል። የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ቀለል ያለና የአበባ መዓዛ ያለው ነው። ከእነ ልባሱ በፀሐይ የሚደርቀው የሐረር ቡና ጣዕሙ የከበደ ሲሆን የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። የሲዳሞ ቡና ታጥቦም ሳይታጠብም ይቀርባል። ስለዚህ ገዢው ከአካባቢው ስም ሌላ ቡናው የታጠበ መሆን አለመሆኑን ቢጠይቅ ይጠቀማል። የተቆላ ቡና ሲገዛ ደግሞ የተቆላበትን ቀን መመልከት ያሻል። የተፈጨ ቡና መዓዛውን ፈጥኖ ስለሚያጣ፣ ለጀበና የሚመረጠው ጥሬው ነው።

ጥሬ ቡና ሲመረጥ ዐይንና አፍንጫ ይበቃሉ። መልካም የታጠበ ቡና አረንጓዴነቱን ያልለቀቀና መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ነጣ ያለው ወይም የገረጣው ብዙ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ የሻጋታ ሽታ ያለው ደግሞ በርካሽ ቢሸጥም አይገዛም። እቤት ከደረሰ በኋላ የጠቆረው፣ የተበሳውና የተሰባበረው ይለቀማል። ጥቂት መጥፎ ፍሬ የጀበናውን ሁሉ ጣዕም ስለሚያበላሽ እናቶች ያለ ምክንያት በትሪ ላይ ሲለቅሙ አልኖሩም።

አፈላሉም የአገሩን ኑሮ መምሰል አለበት። በሰርቬት መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ፎቆች፣ በዙሪክም ቢሆን፣ እሑድ የጸጥታ ቀን ነው። ስለዚህ በሙቀጫ መውቀጥ የሚወድ ቤት ቅዳሜ ቀን ቢወቅጥ ከጎረቤት ጋር በሰላም ይኖራል። ሲቆላ መስኮት ይከፈታል። ከሰል ግን በምንም ምክንያት በቤት ውስጥ መቀጣጠል የለበትም። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። በአዳዲስ ቤቶች የሚገኘው ኢንዳክሽን ምድጃ የሸክላ ጀበና ስለማያሞቅ ለብቻው የሚሰካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያስፈልጋል። ጀበናው ከፈላ በኋላ በማቱቱ ላይ ተቀምጦ እስኪረጋ መታገሥም የሙያው ክፍል ነው።

ጊዜውንም ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ይወስነዋል። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ስለሚከለከል ቡናም ከዚሁ ውስጥ ነው። በጾም ቀን ቡናው የጾሙ ሰዓት ከተፈጸመ በኋላ ይጠጣል፤ የቡና ቁርሱም ቆሎ፣ ፈንድሻ ወይም ቅቤና ወተት ያልገባበት ዳቦ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ቡናው ለማን ይፈላል የሚለው ነው። በሌማን ሐይቅ ዳር በምትገኘው በቬቬ ከተማ የተመሠረተው ኔስሌ በ1938 ኔስካፌን፣ በ1986 ደግሞ ኔስፕሬሶን ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱም ለተጣደፈ ሰው ጠቃሚ ናቸው፤ በሌሊት ፈረቃ ለምትሠራ እናት አንድ ሲኒ ቡና በደቂቃ ማግኘት ዕረፍት ነው። ሆኖም የአንድ ሰው ሲኒ የሚቀዳ መሣሪያ ሌላ ሰው እንዲጠራ አያስገድድም። ጀበና ግን ለአንድ ሰው አይጣድም፤ የተጣደ እንደ ሆነ «ማንን እንጥራ» ማሰኘቱ አይቀርም።

ዛሬ በዚህ ከተማ ልጆቻቸው ለሥራ ወደ ዙሪክ ሄደውባቸው፣ የሦስት ሰዓት ገደማ የባቡር መንገድ ለይቷቸው፣ ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን አሉ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠባበቁና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሄዱበት ቤት የሌላቸው ወጣቶችም አሉ። እነዚህ ሰዎች ተቸገርን ብለው አይናገሩም። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ደኅና ነን» ብለው ይለያሉ። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በወር አንድ እሑድ ከእነርሱ አንዱን ለቡና ቢጠራ፣ ኮሚቴና በጀት የማያስፈልገው አገልግሎት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን በእናቶች ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ሳምንቱን ሙሉ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ሲያገለግሉ ሰንብተው እሑድ ደግሞ ብቻቸውን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ አፍልተውና ሲኒ አጥበው የሚደክሙ እናቶች ጥቂት አይደሉም። በብዙ ቤት ጀበናው ወደ ቁም ሣጥን የገባው ልማዱ ተጠልቶ ሳይሆን አፍሊዋ ደክማ ነው። አባት ቢቆላ ክብሩ አይቀንስም። ወንድ ልጅ ሲኒ ቢያጥብ፣ ሴት ልጅ ቁርሱን ብታዞር፣ ትንሹ ልጅ የመጀመሪያውን ሲኒ ለታላቁ እንግዳ በሁለት እጁ ቢያቀርብ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ትምህርት ቤት ያደጉት ልጆች አማርኛውንም አክብሮቱንም ሳይሰበኩ ይማራሉ።

አቦሉ ሲቀዳ ሰው ትኩስ ወሬ ያወራል፤ ቶናው ሲደርስ የልቡን ይናገራል። በረካው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠጣ ይቀራል፤ አንዱ ሰዓቱን አይቶ፣ ሌላው ስልኩን አንሥቶ ይሄዳል። የሦስተኛው ሲኒ ስም በረከትን ያመለክታል። እስከዚያ የተቀመጠ እንግዳ ሳይመርቅ አይነሣም፤ የቤቱ ልጆችም ምርቃቱን ተቀብለው «አሜን» ማለትን ይለምዳሉ። የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሲከበር በዚህ ደብር ቡና የሚጠራው ያጣ ምእመን እንዳይኖር እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።