በደነባ ሜዳ ላይ በቢስክሌት



ባለፈው ጥቅምት አምስት ሆነን በደነባ ሜዳ በቢስክሌት ዞርን። ሜዳው ስንዴና ጤፍ ነው፤ ፔዳሉን የሚያከብደው ነፋሱ ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛችን ግን በ1949 ዓ.ም. አገራችን ወደ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ቢስክሌተኞች መላኳን እየጠቀሰ፣ ጀማ ወንዝ ካልወረድን ብሎ አስቸገረን። ጀማ እኮ ደጋውን ቆርሶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ ነው! ቁልቁለቱን ፍሬን ቢችለው፣ አቀበቱን ማን ይገፋዋል? ድምፅ ሰጠን፤ ሦስት ለሁለት፣ ከገደሉ አፋፍ አይተነው ተመለስን።

በመመለሻችን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። መረሬው በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ገብቶ መንኰራኵሩን አሰረው። ቢስክሌቶቻችንን ተሸክመን ደነባ ገባን፤ ከመካከላችን የደከመውን ልጅ ቢስክሌት የደረበው ያው እንውረድ ባዩ ነበር።

የሚቀጥለው ጉዞ መሬቱ ሲደርቅ፣ በኅዳር ይሁን እንላለን። እሱም ድምፁ እንደገና ይሰጥ ይላል።