ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር
(በመካነ ሰላም ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ይመስላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላደሱትንና ገና ያልገቡትን እናቶች በስልክ ስንፈልግ፣ ስልኩ ባይነሳ ምን ቃል እንተው?

መድኑ ለዞናችን እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ወረዳ ነበር። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። የማደሻው ጊዜ ያለፈባት እናት፣ ክረምት ላይ ጎተራው በጎደለበት ወቅት ልጇ ቢታመምባት ወጪውን ከኪሷ ትከፍላለች። ያን ጊዜ በግ ይሸጣል፤ በግ ከሌለም ብድር ይገባል። ስለዚህ ያልተነሳ ስልክ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

በውጭ አገር መድን ሻጮች የፈለጉትን ሰው ሲያጡ በድምፅ መልእክት ቃላቸውን ይተዋሉ። በእኛ አካባቢ ይህ አልተለመደም። ባትሪው እንዳያልቅ ስልኩ ተዘግቶ ይውላል፤ ወደ ዓባይ ቆላ የወረደ ሰው ኔትወርክ ያጣል፤ በብዙ ቤት ደግሞ ያለው አንድ ስልክ ነው፣ እሱንም የሚይዘው አባወራው ወይም ተማሪው ልጅ ነው። የሚቀረን አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ወይም ስልኩን ላነሳው ሰው የምንነግረው ቃል ነው።

መልእክቱ አጭር ይሁን። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደ 2 ይቆጠራል። ይህን ብንጠቀም ይበቃል፦

«ከሴቶች ማኅበር ነው። የጤና መድን ማደሻ ጊዜ ደርሷል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እንደውላለን።»

ክፍት ቦታውና ነጥቡ ጭምር ተቆጥሮ 56 ነው፤ ለደዋይዋ ስም ቦታ ይተርፋል። ማን ደወለ፣ ለምን ደወለ፣ መቼስ ይደውላል የሚለውን ሁሉ ይመልሳል።

የማይጻፍም አለ። መልእክቱን የጎረቤት ልጅ ሊያነበው ስለሚችል ሕመምና ዕዳ አይጠቀስም። ገንዘብም ሆነ የምሥጢር ቁጥር አይጠየቅም፤ በስልክ የሚያጭበረብሩ ስላሉ እንዲህ ያለው መልእክት እውነተኛውንም ያስጠረጥራል። አንዴ አስጠርቶ መዝጋትም ይቅር፤ ፈላጊዎቹ እኛ ሆነን ሳለ የስልኩን ሒሳብ በእሷ ላይ መጣል ነውና።

ልጅ ቢያነሳው «ለእናትህ ከሴቶች ማኅበር ደውለው ነበር፣ ነገ ጠዋት ይደውላሉ በልልን» እንበል። አባወራው ቢያነሱት፣ ጉዳዩ የቤተሰቡ ነውና ለእሳቸውም በአክብሮት ያንኑ እንንገራቸው።

ገና ያልገባችውን ግን በመልእክት ለማሳመን አንሞክር። ጥያቄዋ «ሳልታመም ዓመቱ ቢያልፍ ገንዘቤ ባከነ ማለት አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ይህ በንግግር እንጂ በ70 ምልክት አይመለስም። እድር የሚከፍል ሰው ዓመቱን ሙሉ ለቅሶ ቤቱ ስላልገባ እንደማይቆጭ ታውቃለች፤ ከዚያ እንጀምርላት። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለም ቀበሌዋን እንድትጠይቅ እንንገራት።

በመጨረሻ የመዝገቡ ነገር አለ፤ እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን ሳንናገር አንቀመጥም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንዳነሳውና የተተወው ቃል ይጻፍ። «አልተነሳም» እና «አልፈልግም አለች» በአንድ ዓምድ አይግቡ። ያላገኘናትን እናት እምቢ ካሉት ጋር ከደመርናት ዳግም የሚደውልላት የለም፤ ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ሪፖርትም እውነት አይሆንም።

3 ሰዓት ካልን በ3 ሰዓት እንደውል። አርብ በጁምዓ፣ እሁድ በቅዳሴ ሰዓት አንደውል። በሦስተኛው ጥሪም ካልተገኘች በአቅራቢያዋ ያለች አባል በገበያ ቀን ትፈልጋት፤ ካጣቻትም ቤቷ ድረስ ትሂድ።