ያሰባችሁት ልጅና የተወለደው ልጅ
(በክሊኒክ ለባለትዳሮች የቀረበ ንግግር)



ልጅ ሲጠበቅ ስም ይመረጣል። አባት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ እናት ልጇን ስትድር ከወዲሁ ይታያቸዋል። ሐኪሙ «ልጃችሁ ዳውን ሲንድረም አለበት» ያለ ዕለት ግን ያ ሁሉ ሐሳብ ይፈርሳል። ዛሬ የማነጋግራችሁ ከዚያች ዕለት በኋላ በባልና በሚስት መካከል ስለሚሆነው ነው።

በመጀመሪያ ድንጋጤ ይመጣል። «ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል» ማለት፣ ቁጣ፣ ኀዘንና ኀፍረትም ይከተላሉ። አለፈ ሲባል፣ እኩዮቹ በእግራቸው ሲሄዱ እርሱ ገና ሲድህ ያያችሁ ዕለት ኀዘኑ ሊመለስ ይችላል። ብታለቅሱ መጥፎ ወላጆች አይደላችሁም። የምታዝኑት የተወለደውን ልጅ ስለጠላችሁ ሳይሆን ያሰባችሁትን ልጅ ስላጣችሁ ነው።

አደጋው ኀዘኑ ወደ ወቀሳ ሲለወጥ ነው። «ከእናንተ ዘር የመጣ ነው»፣ «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ሠርተሽ ነው?» ይባባላሉ። ባል አምሽቶ መግባት ይጀምራል፤ ሚስት እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ታስገባለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት፣ በዳውን ሲንድረም አብዛኛውን ጊዜ 21ኛው ሦስት ሆኖ ቁጥሩ 47 ይሆናል። ይህ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ነው። እናት የበላችው ምግብ፣ የተሸከመችው ዕቃ ወይም ቀደም ሲል የወሰደችው የእርግዝና መከላከያ አላመጣውም፤ እርግማንም አይደለም። የእናት ዕድሜ ከ35 ዓመት ሲያልፍ አጋጣሚው ይጨምራል፤ ሆኖም ከወጣት እናቶችም ይወለዳል።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ሐኪም ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሰምቶ ለሌላው ሲያወራ ነገሩ ይዛባል። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ ልቡ ይመርመር፤ ጆሮው፣ ዓይኑና የእንቅርት ዕጢውም እንዲሁ። ጡንቻው ላላ ስለሚል ጡት ቀስ ብሎ ይጠባል፤ እናቲቱ ትታገሥ፣ አባትም ሌሊት ልጁን በመያዝ ያሳርፋት። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይሄዳሉ፤ ዘግይተውም ቢሆን ይናገራሉ፣ ይማራሉ። ለዚህ ግን ማነጋገርና ማጫወት ከሕፃንነት መጀመር አለበት። ጓዳ የተደበቀ ልጅ ከማን ይማራል?

ለአራስ ጥየቃ ለሚመጣው ዘመድ የምትሰጡትን መልስ አስቀድማችሁ ተስማሙበት። «ልጃችን ዳውን ሲንድረም አለበት፤ ቀስ ብሎ ይማራል፤ እንደማንኛውም ልጅ አቅፋችሁ ሳሙልን» ማለት ይበቃል። ታላላቆቹም ከጎረቤት ሳይሆን ከእናንተ ይስሙ።

ሌላው ምክሬ ስለ ቀጣዩ እርግዝና ነው። «በሌላ ልጅ እንካሰው» ብሎ መቸኮልም ሆነ፣ በፍርሃት ተለያይቶ መተኛት ትዳርን ይጎዳል። ለሁለታችሁ የሚስማማ መከላከያ መርጣችሁ ጊዜ ውሰዱ። ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በጥቂት ቤተሰቦች ሁኔታው ሊወረስ ስለሚችል የልጁ የክሮሞዞም ምርመራ ውጤት ካለ ይዛችሁ ቅረቡ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ዛሬ ማታ ልጁን ከመካከላችሁ አድርጋችሁ፣ ማን ምን እንደሚሸከም ተነጋገሩ።