ሞተር በእምብርቱ ያለው የብስክሌት ጎማ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይቃናል?



ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጎማ ሦስተኛው ነው። ከእርሱ በፊት የተሠሩት ሁለቱ ከሽፈዋል፤ የመጀመሪያው በእኔ ጥፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ሙያውን በሚያውቁ ሰው እጅ። ዛሬ የምናገረው በይበልጥ ስለ እነዚያ ሁለት ጎማዎች ነው።

ብስክሌቱ የአንድ ተማሪያችን ነው። ጉልበቱ ላይ ጉዳት ስላለበት ዳገት ላይ ፔዳል መርገጥ አይችልም፤ ስለዚህ ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ገዝተው ላኩለት። ሞተሩ የሚቀመጠው በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲላክ ቸርኬና ሽቦ አልነበረውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ ትኩረት ስቧል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ግን መንገድ ዳር የተቀመጠው ባለሙያ ነው። እኛም በሀቢቾ ብስክሌት ሲጠግኑ ወደ ኖሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ሄድን።

መጀመሪያ የሽቦዎቹን ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ ሽቦዎቹ እየተቋረጡ ከእምብርቱ በጎን እንዲወጡ ያደረገበትን አሠራር በስሙ አስመዘገበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሽቦው ከመሀል በቀጥታ ወደ ቸርኬው ቢሄድ፣ ሰንሰለቱ እምብርቱን ሲያዞር ጉልበቱን ወደ ቸርኬው ለማድረስ ይቸገራል። በጎን ሲወጣ ግን እንደ ገመድ ይጎትታል። በተለመደው ጎማ እያንዳንዱ ሽቦ ሌሎች ሦስት ሽቦዎችን ያቋርጣል፤ እኔም ሳላስብ ያንኑ አዘዝኩ። ባለሙያው «መምህር፣ ይህ እምብርት ሳይሆን ድስት ነው» ብለው አመነቱ፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም።

በተለመደው እምብርት የሽቦ ቀዳዳዎቹ ከመሀል 22.5 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ርቀቱ 115 ሚሊ ሜትር ነው። ቸርኬው 36 ቀዳዳዎች አሉት፤ ሽቦዎቹ የሚያርፉበት ክብ ሬዲየስ ደግሞ 270 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ወገን 18 ሽቦ ስላለ፣ ሦስት ጊዜ ማቋረጥ ማለት የ60 ዲግሪ ልዩነት ነው። የሦስት ማዕዘን ስሌታችንን ስንሠራ፣ በተለመደው እምብርት ሽቦው ቸርኬው ላይ የሚደርሰው ከቀጥታው መስመር 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ተዛንፎ ነው። በሞተሩ ግን 25 ዲግሪ ይዛነፋል። ቸርኬው ውስጥ ያለችው ትንሿ ዳዶ እስከዚህ ድረስ ማዘንበል ስለማትችል ሽቦው ጥርሱ አጠገብ ይታጠፋል፤ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ውጥረቱ ሲላላና ሲጠብቅ ያው መታጠፊያ ይደክማል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሽቦ ተበጠሰ። ልጁ ቁልቁለት ላይ ስላልነበረ እግዚአብሔር አተረፈው።

ይህን ያህል ማቋረጥስ ለምን አስፈለገ? አላስፈለገም። 40 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የማዞር ጉልበት በትንሹ እምብርት ጠርዝ ላይ 1,780 ኒውተን ያህል ኃይል ያሳርፋል፤ በሞተሩ ጠርዝ ላይ ግን 350 ብቻ ነው። እምብርቱ ሲሰፋ ችግሩ ራሱ ወደ አምስተኛ እጅ ወርዶ ነበር፤ እኔ ግን መፍትሔውን እንዳለ ይዤ ቀረሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሲያቋርጥ መዛነፉ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል፣ የሽቦው ርዝመትም ወደ 167 ሚሊ ሜትር። ሁለተኛውን ጎማ በዚህ ልክ ሠራን።

የሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ባለሙያው ቸርኬውን ወደ ጎንም ወደ ላይም አቃኑት፤ እንደዚያ ቀጥ ያለ ጎማ አይቼ አላውቅም። ውጥረቱን የለኩት እንደ ልማዳቸው በጥፍራቸው መታ እያደረጉ፣ በጆሮ ነበር። ሁሉም ሽቦ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። በአምስተኛው ቀን ግን ግማሹ ላልቶ መጣ።

ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ወደ ታች ሲያወርድ ድምፁ የሚቀጥነው ጭራው ይበልጥ ስለተወጠረ ሳይሆን ስላጠረ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽቦም እንዲሁ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 260 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ሽቦ በ1,000 ኒውተን ሲወጠር 387 ኸርዝ ገደማ ድምፅ ይሰጣል። የባለሙያው ጆሮ ለብዙ ዓመታት የለመደው ይህን ነው። 167 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ ያንኑ ድምፅ ለመስጠት የሚያስፈልገው ውጥረት ግን 410 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። በጆሯቸው ጠበቀ ያሉት ሽቦ ከግማሽ በታች ነበር የተወጠረው። ጆሯቸው ሽቦዎቹ እኩል መሆናቸውን በመለየት አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በመጠኑ ነው። (ሽቦዎቹ የሚነካኩበት ቦታ ድምፁን ጥቂት ስለሚለውጥ ቁጥሮቹን በግምት ውሰዱልኝ።)

አጭር ሽቦ ሌላም ጠባይ አለው። በ1,000 ኒውተን ረጅሙ ሽቦ 0.41 ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ አጭሩ 0.27 ብቻ ይለጠጣል። ዳዶዋ አንድ ዙር ስትዞር 0.45 ሚሊ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ስለዚህ ግማሽ ዙር ብትፈታ አጭሩ ሽቦ ውጥረቱን ሁሉ ሊያጣ ምንም አይቀረው። ወፍራም ሽቦ እንግጠም የሚለውን ሐሳብ ያልተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ወፍራሙ ከዚህም ያነሰ ይለጠጣል።

ሦስተኛውን ጎማ ስንሠራ የሞተሩ ቀዳዳዎች ለሽቦው ሰፊ ስለሆኑ ሮንዴላ አስገባን፤ በየዙሩ ሩብ ሩብ እያጠበቅን፣ በመካከሉም ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገን በእጃችን እየጨመቅን ቀጠልን። ድምፁን የሚለካ ፕሮግራም በስልኬ ላይ ከፈትኩ፤ ባለሙያው ግን ስልኩን አላዩም። 600 ኸርዝ አካባቢ የሰጠውን አንድ ሽቦ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «እንግዲህ ይህን ልልመድ» ብለው የቀሩትን 35 ሽቦዎች በጆሯቸው አስተካከሉ። በኋላ በስልኩ ስንለካቸው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከ580 እስከ 620 ባለው ውስጥ ነበሩ።

ጎማው ይኸው። በየተራ ወደፊት እየመጣችሁ ሽቦዎቹን ምቷቸው፤ ከቫልቩ በስተግራ ያለው ሦስተኛው ሽቦ ትንሽ ወፈር ያለ ድምፅ አለው፤ ሆን ብዬ ነው ሳላስተካክለው የተውኩት።