ለካንሰር ምርመራ የሚሰጠው መርፌ በሽታውን ይበትናልን?

የዛሬው ትምህርታችን ካንሰርን በምስል ለመለየት ስለሚረዱ፣ ናኖ ስለሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። ርዕሱ ከእኛ ኑሮ የራቀ ይመስል ይሆናል። ያነሳሁት ግን በምክንያት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ጡታቸው ላይ የወጣ እብጠት አሳዩኝ። ካገኙት ስምንት ወር ሆኗቸዋል። «እማማ፣ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው፣ «ትልቅ ሆስፒታል ሲልኩ ብረትና ጨረር ያለበት መርፌ ይወጋሉ፤ ያኔ በሽታው በመላ ሰውነት ይበተናል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ» አሉኝ። ይህን እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል። ወሬውን እናንተም ሳትሰሙ አትቀሩምና እውነቱን እንነጋገር።

ናኖ ምንድን ነው? አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፋይ ናኖ ሜትር ይባላል። የሰው ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ምርመራ የሚሰጡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከ100 ናኖ ሜትር ያነሱ ናቸው።

ጥቅማቸውስ? የጡት ካንሰር ሲሰራጭ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚደርሰው ብብት ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። ንፍፊት ከጡት የሚመጣውን ፈሳሽ እንደ ወንፊት ያጣራል። ሐኪሙ ካንሰሩ እዚያ መድረስ አለመድረሱን ማወቅ አለበት።

1ኛ. ጨረር ያላቸው ቅንጣቶች፦ ቴክኒቲየም የሚባል ንጥረ ነገር የተያያዘባቸው ናቸው። ጡት ላይ ይወጉና ፈሳሹን ተከትለው መጀመሪያ በሚያገኙት ንፍፊት ይቆማሉ። ጋማ ካሜራ የሚባል መሣሪያ ያሉበትን ቦታ ያሳያል። ሐኪሙ ያንን ንፍፊት አውጥቶ ያስመረምራል። ካንሰር ካልተገኘበት ሌሎቹን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ በኋላ ክንድ የማበጡ ችግርም ይቀንሳል። ጨረሩ መጠኑ ትንሽ ነው፤ በየ6 ሰዓቱም በግማሽ ይቀንሳል።

2ኛ. የብረት ቅንጣቶች፦ ጨረር የላቸውም። በደም ሥር ተሰጥተው ሰውየው በኤም አር አይ ይታያል። በጤናማ ንፍፊት ውስጥ ያሉት የሰውነታችን ጠራጊ ሴሎች ይውጧቸዋል፤ ንፍፊቱም በምስሉ ላይ ይጠቁራል። ካንሰር የያዘው ክፍል ግን ሳይጠቁር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት በተለመደው ምስል የማይለዩ ትናንሽ ስርጭቶች በዚህ መንገድ እንደሚታዩ አሳይቷል። ሆኖም ይህኛው ዘዴ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም።

እንግዲህ መርፌው ካንሰርን አይበትንም፤ ያለበትን ያሳያል እንጂ። ካንሰር እንዲሰራጭ ዕድል የሚሰጠው ሳይታከሙ መቆየት ነው። ደግሞም እብጠት ያለው ሁሉ ይህ መርፌ አያስፈልገውም። መጀመሪያ በእጅ ይታያል፣ ከዚያ በአልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር ሆኖ አይገኝም።

ውድ አድማጮች፣ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሪፈር ማጻፍና የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ማግኘትም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እኛ ቀኑን ማባከን አይገባንም። የመጀመሪያው መርማሪ የራሳችሁ እጅ ነውና የሚከተሉትን ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

– በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፤ ባያምም እንኳ
– የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም መሸብሸብ
– የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ማውጣት

ይህ በወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ አባቶችም አትፈሩ።

ማንኛውም የምርመራ መርፌ ሲታዘዝላችሁ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት መድኃኒት ተቆጥቷችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መርፌው ምን እንደሆነና ለምን እንደሚሰጥ መጠየቅም መብታችሁ ነው።

እኚያ እናት ሪፈር ተጽፎላቸው ሄደዋል። እግዚአብሔር ይርዳቸው። ያለፈውን ስምንት ወር ግን ማንም ሊመልስላቸው አይችልም። በአጠገባችሁ ዝም ያለች እናት ወይም እህት ካለች ይህን ወረቀት አንብቡላት፤ ብቻዋን መምጣት ከፈራችም አብራችኋት ኑ።