ሞተር ብስክሌት የመኪና ነጂን ምን ያስተምረዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከመንገድ ደኅንነት ክበብ የቀረበ ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ በክፍላችን ከተነሣ ክርክር የመጣ ነው። ክርክሩም «ሞተር ብስክሌት የነዳ ሰው መኪና ሲይዝ የተሻለ ነጂ ይሆናልን? የመድን ወጪውስ ይቀንስለታልን?» የሚል ነበር።

ለክርክሩ መነሻ የሆነው የአንድ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ነው። ይህ ወጣት በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያደረሰ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። አንድ ቀን በመንገድ ዳር የቆመ የመኪና ነጂ ወደ ኋላ ሳይመለከት በሩን በድንገት ቢከፍትበት ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ነጂው ደንግጦ «አላየሁትም» አለ። እኛም ልንጠይቀው ሆስፒታል በሄድን ጊዜ፣ «ሰውዬው አልዋሸም፤ በእውነት አላየኝም» አለን።

ነገሩን ስንመረምር ይህ የአንድ ሰው ስሕተት ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። አሜሪካዊው ሐሪ ኸርትና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን መርምረው ውጤቱን በ1981 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሞተር ብስክሌት ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህሉ የደረሱት የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ቅድሚያ በመከልከሉ ነበር። ዋናውም ምክንያት ሞተር ብስክሌቱን አለማየት ነው።

ሞተረኛን ዙሪያውን የሚጠብቀው ብረት የለውም። ስለዚህ ጠጠሩን፣ የፈሰሰውን ዘይት፣ የክረምቱን ጭቃ፣ በቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሰው እንኳ ሳይቀር አስቀድሞ ያስተውላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመኪና ነጂ ይህን በቁጥር ቢያውቀው፣ ሞተረኛው በሰውነቱ ያውቀዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ጥናትም፣ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ያላቸው የመኪና ነጂዎች ከሞተረኛ ጋር በሚደርስ ግጭት ጥፋተኛ የሚሆኑት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን ያሳያል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው፣ ያልደረሰበት አያውቀውምና።

ነገር ግን የሞተር ልማድ ሁሉ ለመኪና አይበጅም። በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ማለፍን የለመደ ሰው መኪና ሲይዝ ስፋቱንና ክብደቱን ቢረሳ ለሌላው ጠንቅ ይሆናል። መንጃ ፈቃዱም ለየብቻ የሆነው ስለዚህ ነው።

ወደ መድን እንመለስ። መድን እንደ እድር ነው፤ ብዙዎች ያዋጡት ጉዳት ለደረሰበት ይውላል። መድን ሰጪው የነጂውን ዓይን ሊለካ አይችልም። የሚጠይቀው የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ ዋጋውን፣ የሚሠራበትን ሥራና ከዚህ በፊት የተከፈለ ካሣ መኖሩን ነው። ስለዚህ ሞተር መንዳት ብቻውን የመኪናን መድን አያረክስም። በእንግሊዝ አገር እንኳ በሞተር ብስክሌት ያለ አደጋ ያለፉትን ዓመታት ለመኪና የሚቆጥሩ መድን ሰጪዎች ቢኖሩም የማይቆጥሩም አሉ። ጥቅሙ የሚመጣው በዙሪያ መንገድ ነው፤ ያስተዋለ አይጋጭም፣ ያልተጋጨ ካሣ አይጠይቅም፣ ካሣ ላልጠየቀም ክፍያው ይቀንስለታል።

በአገራችን በ2000 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታ ነው። ይህ መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ሐኪም ይከፍል እንደሆነ እንጂ የተሰበረውን እግር እንደ ቀድሞው አያደርገውም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ መኪና ለመልመድ ሞተር ብስክሌት ንዱ አላልንም። ያልነው የሞተረኛውን ዓይን እንዋስ ነው።

ያ ወጣት ዛሬ እያነከሰም ቢሆን መኪና መንዳት እየተማረ ነው። ከመኪናው ሲወርድ በሩን የሚከፍተው አጠገቡ ባለው በግራ እጁ ሳይሆን በቀኝ እጁ ነው። እንዲህ ሲያደርግ ትከሻው በግድ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ዓይኑም መንገዱን ያያል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ዛሬ ከዚህ በዓል ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በራችሁን እንዲሁ እንድትከፍቱልን እንለምናለን። ለዚህ የሚከፈል ሣንቲም የለም።